ጎማ ጋሪ

ሹፌሩ ባዳሳ ጎማውን ከአውቶቡሱ ጣሪያ ላይ ለቀቀው። ጎማው ሁለቴ ነጠረ፤ ጭቃ ረጨ፤ እየተንከባለለ መጥቶ ኦብሴ እግር ሥር ተጋደመ።

ኦብሴ ቁልቁል አየችው። የመኪና ጎማ ነው። ያረጀ፣ ወፍራም።

"ምንድነው ይሄ?"

"ያዘዝሽኝ ነዋ!" ባዳሳ ጣሪያው ላይ ቆሞ እጁን አራገፈ። "ትናንት ሻሸመኔን ስዞርልሽ ነው የዋልኩት። ተመስገን በይ እንጂ።"

"እኔ ያዘዝኩህ የቢስክሌት ጎማ ነው!"

"ጎማ ጋሪ ናፍ ፊዲ አላልሽም?"

"አልኩ!"

"ይኸው። ጎማ። ጋሪ።"

አውቶቡስ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ሳቀ። ሮቤ ላይ ይሄ ቀልድ አስተርጓሚ አይፈልግም። በኦሮምኛ ጋሪ ማለት ጥሩ ማለት ነው። ፈረስ የሚጎትተው፣ ያረጀ የመኪና ጎማ የሚገጠምለትም ጋሪ፣ ጋሪ ነው። ኦብሴ "ጥሩ ጎማ አምጣልኝ" ማለቷ ነበር፤ ባዳሳ "የጋሪ ጎማ አምጣልኝ" አለች ብሎ ሰማ። እሷም አውቶቡሱ ተነስቶ እየሄደ፣ በመስኮት ጮኻ ነው ያዘዘችው። አንዲት ቃል ብትጨምር ምን ነበረበት? አትችልማ። ኦብሴ ማለት የታገሠች ማለት ነው፤ አያቷ ናቸው ያወጡላት። ስም ብቻ ሆኖ ቀረ።

"በዚያ ላይ" አለ ባዳሳ እየወረደ፣ "ባለፈው እዚሁ ቆመሽ 'ይሄን ቢስክሌት ገደል ከትቼ ጋሪ ነው የምገዛው' ስትይ ሰምቻለሁ። ጉድ፣ የእውነቷን ነው፣ ልጅቷ ሰው ሆነች ብዬ..."

ልትሰድበው አፏን ከፈተች። ከፍታም ቀረች። ዓይኗ ከአውቶቡሱ የጎን መስታወት ጋር ተጋጭቶ ነው።

መስታወቱ ላይ ቀይ ጨርቅ ታስሯል።

"መቼ ነው ያሰሩት?"

"ምኑን? እሱን? ዛሬ ሲነጋጋ። ያ ወዚር የሚባለው፣ የአዴ ጁሀራ አማች፣ በፈረስ አውቶቡሱ ያደረበት ጎባ መናኸሪያ ድረስ አምጥቶ አሰረው። 'ለመጨረሻ ጊዜ ነው በላት' ብሏል።"

ኦብሴ ጎማውን አቅፋ አነሳችው። ለምን እንዳነሳችው አታውቅም። አንስታ ሄደች።

"እንዴ! ገለቶሚ የለም? አመሰግናለሁ የለም?" ብሎ ጮኸባት ባዳሳ።

የለም።

ኦብሴ የመንግሥት ሠራተኛ ናት፤ አዳቃይ። ኮርማ ገበሬው ዘንድ አይሄድም፤ የኮርማው ዘር በፔርሙዝ፣ በበረዶ ሆኖ፣ በኦብሴ ቢስክሌት ይሄዳል። ከሲናና እስከ ጎባ በላይ ድረስ ልጆች ሲያዩዋት "ኮርማዋ መጣች!" ይላሉ። መጀመሪያ ታለቅስ ነበር። አሁን ደወል ትደውልላቸዋለች።

አዴ ጁሀራ ከጎባ በላይ፣ ወደ ሳነቴ ተራራ መውጫ የሚኖሩ አሮጊት ናቸው። ባል የላቸውም። አንዲት ላም አለቻቸው፤ ቡሬ። ቅቤዋን ጎባ እየሸጡ ነው የሚኖሩት፤ ይኖሩ ነበር፣ ቡሬ እስክትነጥፍ። የሰፈሩ ኮርማ ሞልቶ ነበር። "ከዚህ ኮርማ ይከልክሏት፤ እኔ የተሻለ ዘር አመጣለሁ፤ ጥጃዋ እጥፍ ትታለባለች" ያለቻቸው ኦብሴ ናት። አመኗት። ቡሬ ኮርማ ስትፈልግ ከቀይ ሻሻቸው አንድ ቁራጭ ቀደው መስታወቱ ላይ ሊያስሩ ተስማሙ።

የመጀመሪያው ቁራጭ ሲመጣ ፊት ጎማው መንገድ ላይ ፈነዳ። ሁለተኛው ሲመጣ ቢስክሌቱን ዳገቱን ሙሉ ስትገፋ ውላ፣ ስትደርስ በረዶው ውኃ ሆኖ ነበር። ዘሩን መሬት ላይ ደፋችው። አዴ ጁሀራ ቡሬን ፈትተው ወደ ሣሯ መለሷት። አለመቆጣታቸው ነው የገደላት።

ይሄ ሦስተኛው ነው። ቡሬ ላይ ፍላጎቱ ሲነጋጋ ከታየ ኦብሴ ከሰዓት በኋላ መድረስ አለባት። ከመሸ ቡሬ አትፈልግም። ከዚያ ሌላ ሃያ አንድ ቀን ነው፤ ወዚር ደግሞ ላሟን ሊሸጥለት ለጎባ ሥጋ ሻጭ ቃሉን ሰጥቷል።

የቢሮው ላንድሮቨር የነዳጅ ኩፖኑ አልቆ ቆሟል። ፈረስ አለ፤ ባሌ ላይ ፈረስ ጠፍቶ አያውቅም። ኦብሴ ግን በሰባት ዓመቷ ፈረስ ጥሏት ክንዷ ተሰብሯል፤ ዛሬም ፈረስ ስታይ መንገድ ትሻገራለች። የቀራት ቢስክሌቱ ነው። እሱም አለ ከተባለ።

ዘይነዲን ቢስክሌት የሚሠሩት ጋሪ ተራው አጠገብ፣ ባሕር ዛፍ ሥር ነው። የዛፉ ግንድ ላይ ሚስማር፣ ሚስማሩ ላይ ዕቃ። ሱቃቸው ይኸው ነው። የኦብሴ ቢስክሌት ከትናንት ጀምሮ ተገልብጦ እዚያው ቆሟል፤ ጎማ እየጠበቀ።

"አካም ቡልቴ፣ ኦብሴ። እንዴት አደርሽ?"

"ጋሼ ዘይነዲን፣ አሁኑኑ ይሠራ።"

"ፈያ ነኝ፣ አልሀምዱሊላህ። ቤተሰብም ደህና ነው" አሉ ዘይነዲን። ከዚያ ያቀፈችውን አዩ። "ይሄንን ፊት ነው ኋላ የምገጥምልሽ?"

"አይቀልዱብኝ። ባዳሳ ነው። ጎማ ጋሪ ስለው..."

መጨረስ አላስፈለጋትም። ዘይነዲን እስኪያስላቸው ሳቁ። ሲጨርሱ ጎማውን ተቀብለው በአውራ ጣታቸው ተጫኑት፤ ጠርዙን ገለጥ አድርገው የውስጡን ሸራ አዩ፤ አሸተቱትም።

"ባዳሳ ደህና ጎማ ያውቃል" አሉ።

"ለጋሪ!"

"ተቀመጪ።"

"መቀመጫ ጊዜ የለኝም።"

"እንግዲያው ቁሚ፣ ግን አፍሽን ያዢ። ስሚኝ። ፊት ጎማሽ ጉንጩ ተሰንጥቋል፤ የውስጡ ካላማዳሪ በስንጥቁ እየወጣ ነው የሚፈነዳው። የፍሬንሽ ጎማ አልቆ ብረት ብረትን ነው የሚፍቀው። ጥርሱን ደግሞ... ጥርሱን የመረጥሽው አንቺ ነሽ።"

እውነት ነው። ቢስክሌቱ ከቢሮ ሲሰጣት የኋላው ጥርስ፣ ካቴናው የሚዞርበት ክብ፣ አስራ ስምንት ነበር። ቀርፋፋ ነው ብላ፣ ዘይነዲንን ተለማምጣ በአስራ ስድስት አስቀየረችው። የሮቤ ሜዳ ላይ እንደ ወፍ ትበራለች። ዳገት ላይ ፔዳሉ ግድግዳ ነው።

ዘይነዲን ከሚስማሩ ላይ አንድ ጥርስ አወረዱ። ትልቅ ነው፤ ሳህን ያህላል።

"ሃያ ሁለት። ዱቄት ይጭን ከነበረ ቢስክሌት የፈታሁት ነው። አምና ላሳይሽ ብል ምን አልሽኝ?"

"የሽማግሌ ነው አልኩ።"

"ዛሬስ?"

"ጋሼ፣ እግሬ መቶ ጊዜ ዞሮ ቢስክሌቱ አንድ ክንድ አይሄድም!"

"መቶ ጊዜ ይዙር። ግን ከኮርቻው አትወርጂም። ባለፈው ከጎባ በላይ የት የት ወረድሽ?"

ኦብሴ የተገለበጠውን ቢስክሌት ፔዳል በእጇ አሽከረከረች።

"እኔ ልንገርሽ። ጎባን አልፈሽ ከኮርቻው ወረድሽ፤ ከዚያ በኋላ አልወጣሽበትም። ቢስክሌቱን እየገፋሽ ነው አዴ ጁሀራ ቤት የገባሽው። በአስራ ስድስት ትፈጥኛለሽ፤ አትደርሺም። በሃያ ሁለት ትዘገያለሽ፤ ትደርሻለሽ። የትኛው ይግባ?"

ኦብሴ ጥርሱን ተቀብላ በመዳፏ መዘነችው። ዓይኗ አስራ ስድስቱ ላይ ሄዶ ተመለሰ።

"ሃያ ሁለቱ ይግባ" አለች። አስመረራት።

"ካቴናው ግን ያጥራል። ትልቅ ጥርስ ረጅም ካቴና ይፈልጋል።"

"አያ! ካቴና ከየት አባቴ..."

ዘይነዲን ከመሣሪያ ሳጥናቸው የቲማቲም ጣሳ አውጥተው መሬት ላይ ደፉት። ከብሎኑና ከኩሽኔታው መሃል ሦስት አራት የካቴና ቀለበት ወጣ፤ በዘይት ጨርቅ ተጠቅልሎ።

"ያንን አስራ ስድስት ስገጥምልሽ ከራስሽ ካቴና የቆረጥኩት ነው። አንድ ቀን ትመለሳለች ብዬ አስቀምጬዋለሁ።"

ኦብሴ ቀለበቶቹን አየች።

"ምን ያህል ይፈጃል?"

"ሁለት ሰዓት።"

"አንድ!"

"ሁለት። ሂጂና በረዶሽን አምጪ።"

ስትመለስ፣ ፔርሙዟን በጋቢ ጠቅልላ በክንዷ ሥር ይዛ፣ የጋሪው ጎማ ተቆራርጦ ጠበቃት። ዘይነዲን የውስጡን ሸራ በቢላ ሸልቅቀው አንድ ክንድ የሚያህል ቀጭን ልጥፍ አወጡና የተሰነጠቀው ጎማ ውስጥ ካላማዳሪው እንዳይወጣ አነጠፉት። ስንጥቁንም ከላይ በናይለን ክር እንደ ተቀደደ ቁምጣ ሰፉት። ከወፍራሙ ጀርባ አራት ቁራጭ ቆርጠው፣ በሞረድ አስተካክለው፣ ፍሬኑ ላይ ገጠሙት።

"የቻይናው የፍሬን ጎማ እንደ ማስቲካ ነው፤ ቁልቁለት ላይ ይቀልጣል" አሉ። "ይሄ ግን አንድ ኩንታል ስንዴ የጫነ ጋሪ ችሎ የኖረ ነው። አንቺን አያቅተውም። ጥሩ የቢስክሌት ጎማ ቢያመጣልሽ ኖሮ፣ ጎማ ኖሮሽ ፍሬን አይኖርሽም ነበር። ይገባሻል?"

"ገብቶኛል" አለች ኦብሴ። "ስንት ነው?"

"የተረፈውን ጎማ ተይልኝ። ሁለት ጥንድ በረባሶ ይወጣዋል።"

"እሱማ የኔ አይደለም፤ የባዳሳ..."

"ሂጂ!"

ሄደች።

ሜዳውን እስክትጨርስ ነፍሷ ወጣች። እግሯ ይዞራል፣ ይዞራል፣ ስንዴው ማሳ እዚያው ነው። የቆርቆሮ ቤቶች የተሰለፉበትን አዲሱን የሰፈራ መንደር ለማለፍ ዕድሜ የፈጀባት መሰላት። አንድ ፈረሰኛ አልፏት ሄዶ፣ ቆሞ ጠበቃትና፣ "ያ ኢንተለ፣ አንቺ ልጅ፣ ቢስክሌቱ ይጋልብሻል ወይስ ትጋልቢዋለሽ?" አላት። ደወል ደወለችለት። ፈረሱ በረገገ። ደስ አላት።

ጎባ መግቢያ ኬላው ላይ አስቆሟት።

"ጓዲት፣ ምንድነው የያዝሽው?"

"ፔርሙዝ።"

"ውስጡ?"

"ኮርማ።"

ጥበቃው ጠመንጃውን ከትከሻው ወደ ትከሻው አዛወረ። "በመንግሥት ሥራ ላይ ቀልድ የለም። ክፈቺው።"

ሌላ ቀን ቢሆን ትጮህበት ነበር። ጮኻ ታውቃለች፤ አንድ ጊዜ ጮኻ ግማሽ ቀን አስቀምጠዋታል። ክዳኑ ከተከፈተ ብርዱ ይወጣል፤ ከተቀመጠች ቀኑ ያልቃል። ትንፋሿን ዋጠች። ከቢስክሌቱ ወርዳ መታወቂያዋን አወጣች፤ ቀስ ብላ፣ እንደ ሃያ ሁለቱ ጥርስ ቀስ ብላ አስረዳችው። ላም እንዴት፣ ዘር እንዴት፣ በረዶ ለምን። ሰውዬው እየሰማ ፊቱ ተለወጠ።

"የኛም ቤት ላም አለች" አለ በመጨረሻ። "ሲምቦ ነው የምንላት። ለሷም ይሆናል?"

"ይሆናል።"

"ምን ላድርግ?"

"ኮርማ ስትፈልግ የጎባው አውቶቡስ መስታወት ላይ ጨርቅ እሰር። ቀይ አይደለም። ቀይ ተይዟል።"

አለፈች።

ከጎባ በላይ ያለው ዳገት ያው ዳገት ነው። ድንጋዩም ያው፤ ከሳነቴ የሚወርደው ነፋስም ያው። ባለፈው የወረደችበት ቦታ ስትደርስ እግሯ በልማድ ሊወርድ ቃጣው። ፔዳሉ ግን ዞረ። እንደገና ዞረ። ልጆች ጎን ጎኗ እየሮጡ "ኮርማዋ! ኮርማዋ!" ይላሉ፤ እነሱ ይቀድሟታል፣ ቆመው ይጠብቋታል፣ ተመልሰው ይቀድሟታል። ፊት ጎማው ስፌቱ መሬት በነካ ቁጥር ቲክ ይላል። ቲክ። ቲክ። አልፈነዳም። ሁለት ቦታ ብቻ ወረደች፤ አንዱ ጅረት ነበር።

ወዚር ግቢው በር ላይ ገመድ ይዞ ቆሟል። ረጅም ገመድ። ላም ገበያ የሚነዳ ሰው የሚይዘውን።

"መጣሽ?" አለ።

"መጣሁ።"

"ከኮርቻ ላይ ሆነሽ?"

"ዓይን የለህም?"

"በረዶሽስ? ያለፈው ጊዜ ውኃ ነው ያጠጣሽን።"

አዴ ጁሀራ ከቤት ወጡ። ራሳቸው ላይ ያለው ቀይ ሻሽ ጠርዙ ተቀዳዶ አይጥ የበላው መስሏል። ሰላምታ እንኳ አልሰጡም፤ ፔርሙዙን ነው ያዩት። ኦብሴ ጋቢውን ፈታች። ክዳኑን አልከፈተችም። ፔርሙዙን ወደ ጆሯቸው አስጠግታ ነቀነቀችው።

በረዶው ተንኳኳ።

"አልሀምዱሊላህ" አሉ አዴ ጁሀራ፤ ድምፃቸው ቀጠነ። "ወዚር፣ በዚያ ገመድ ላሟን እሰርልን። ለዚህ ነው የያዝከው።"

ወዚር ቡሬን ከግንዱ ጋር አሰረና ቀንዷን ያዘ። ኦብሴ እጅጌዋን እስከ ትከሻዋ ሰበሰበች፤ ጓንቷን አጠለቀች። እዚህ ላይ አትቸኩልም። ኦብሴ በሕይወቷ የማትቸኩለው እዚህ ላይ ብቻ ነው። እጇ ውስጥ ሆኖ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ ቦታውን በጣቷ ፈልጋ ታገኛለች። ቡሬ አንዴ አቃሰተች፤ ጀርባዋን አጎበጠች፤ ቆመች።

"አለቀ" አለች ኦብሴ።

"አለቀ?" አለ ወዚር። "ይሄው ነው? የኛ ኮርማ እንኳ ከዚህ በላይ ይደክማል።"

"ያንተ ኮርማ ከሮቤ በቢስክሌት መጥቶ ያውቃል?"

አዴ ጁሀራ ሳቁ። ኦብሴ ሲስቁ ስታይ የመጀመሪያዋ ነው፤ ፊት ለፊት ሁለት ጥርስ የላቸውም። ውኃ አፈሰሱላት፤ እጇን ራሳቸው አጠቡላት፤ ክንዷን እስከ ክርኗ፣ እንደ ልጅ።

"ረቢ ሲፍ ሀ ኬኑ፤ ፈጣሪ ይስጥሽ። እግርሽን አይመምሽ።"

"እኔን አያመስግኑ አዴ። ዘይነዲን የሚባሉ ሰው አሉ ሮቤ። ቢስክሌቱን የሠሩት እሳቸው ናቸው።"

"እሱንም ረቢ ይስጠው።"

"ደግሞ..." ኦብሴ ቆመች። አፏ አልታዘዝ አላት። "ደግሞ ባዳሳ። ሹፌሩ። ጎማውን ያመጣው።"

"እሱንም። አንቺ ግን አደራ፣ ጨለማ ሳይይዝሽ ውረጂ።"

ቁልቁለቱን ስትወርድ ፍሬኑን ጨበጠችው። የጋሪው ጎማ ቸርኬውን ነክሶ ያዘ፤ አልፏጨ፣ አልቀለጠ። ስንት ኩንታል ስንዴ፣ ስንት ድንጋይ፣ ስንት የሻሸመኔ ፈረስ ያየ ጎማ ነው፤ አሁን ኦብሴን ከገደል ይይዛል። ጎባ ስትደርስ ጣቶቿ በርደው አልዘረጋ አሏት። ቆማ ሳትስቅ አልቀረችም፤ ማንም ግን አላየም።

ከዚያ መጠበቅ መጣ።

ኦብሴ የማትችለው ነገር ይሄ ነው። ቡሬ ካልያዘች በሃያ አንድ ቀን ኮርማ ትፈልጋለች፤ ቀዩ ጨርቅ ይመጣል። ከያዘች ምንም አይመጣም። ምንም ያለመምጣት ነው ደስታው። ለዚህ ደግሞ ምን ተብሎ ይጠበቃል? ዘይነዲን "አስራ ስድስቱን ልመልስልሽ?" ሲሏት፣ "ይቆይ" አለች። ሁለተኛ ሲጠይቋት፣ "ሚስማሩ ላይ ይሰቀል" አለች። ሦስተኛ አልጠየቋትም።

በሃያኛው ቀን ጠዋት አውቶቡሱ ሲወርድ መስታወቱን አየች። ባዶ ነው። አላመነችም።

በሃያ ሁለተኛው ቀን ማንም ሳይቀድማት መናኸሪያው ደረሰች። አውቶቡሱ አቧራውን እየጎተተ መጣ። መስታወቱ ባዶ ነው። ዞራ ሌላኛውንም አየች። ባዶ ነው። እፎይ ልትል ስትል ባዳሳ በመስኮት እጁን አወጣ። እጁ ላይ ቀይ ነገር አለ።



"ስጣት ተብዬ ነው" አለ ባዳሳ። "ምን ሆነሽ ነው? አመድ መሰልሽኮ!"

"አሰሩት? ወዚር ነው ያመጣው?"

"ማንም አላሰረም። አሮጊቷ ራሳቸው ናቸው ጎባ ድረስ በእግራቸው የመጡት።" ድምፁን ቀጠን አድርጎ አስመሰላቸው፤ "'በላት፣ ቡሬ ኮርማ ብላ አልጮኸችም፤ ሣሯን ትበላለች፤ እኔ ከእንግዲህ ሻሽ አልቀድም፤ የተረፈውን ለአንገቷ ታድርገው፤ የዳገቱ ብርድ ክፉ ነው።'"

የሻሹ ትርፍ ነው። ታጥቦ፣ ጠርዙ ተቀምቅሞ። ኦብሴ ተቀበለችው። በሙያዋ ታውቃለች፤ ሦስት ወር ሳይሞላ በእጅ ሳይታይ ማርገዟ እርግጥ አይባልም። አንገቷ ላይ አሰረችው።

ባዳሳ ሞተሩን አስነሳ። ዘንድሮ ለመጀመሪያ ጊዜ አውቶቡሱ ከመሄዱ በፊት፣ ሳትጮህ፣ መስኮቱ ሥር ቆመች።

"ባዳሳ። ያን ጊዜ... ገለቶሚ።"

"ምን አልሽ? አልሰማሁም።"

"ሰምተሃል።"

"አንዴ ድገሚልኝ፤ ረዳቱም ይስማ።"

"ሂድ ወዲያ!"

ባዳሳ ጥርሱን እያሳየ ማርሽ አስገባ። "እሺ፣ ከሻሸመኔ ምን ላምጣልሽ?"

ኦብሴ አሰበች። የኋላው ጎማም መሳሳት ጀምሯል። ቁጥሩ፣ ልኩ፣ ዓይነቱ፣ ሁሉም በወረቀት ላይ ተጽፎ ኪሷ ውስጥ አለ፤ ዘንድሮ አልሳሳትም ብላ ማታ የጻፈችው ነው። እጇን ኪሷ ከተተች። ወረቀቱን ነካችው። እዚያው ተወችው።

"ጎማ ጋሪ" አለች።

"የትኛው? ጥሩው ነው የጋሪው?"

"አንተ እንደሰማኸው።"